ከአንዲት ሳህን በቀር

ሙፉሊራ፣ ፌብሩዋሪ 8 ቀን 2004

ይድረስ አይጥ ጠብሳ እየበላች የሰው ልጅ ለምታስተምረው ለዞንዲዌ ሾንጋ፤

ለመሆኑ አለሽ? ወንድምሽ ሌቪሰን ደህና ነው? ከብቶቹስ? እኔ ደህና ነኝ፤ ጉልበቴ ብቻ ዝናብ ሊመጣ ሲል ከሬዲዮው ቀድሞ ይነግረኛል። መልሴ ስለ ዘገየ ይቅርታ አልጠይቅም። የእናንተን ጎሳ ንጎኒን ይቅርታ የጠየቀ፣ እንደ እኔ ያለ ቤምባ አያቶቹ ይታዘቡታል። እነሱ በጦር ሲፋለሙ ኖረው ሲታክታቸው «ከእንግዲህ በስድብ ብቻ» ብለው ታረቁ፤ እኛም ይኸው የስድብ ዘመዳሞች ሆነን ቀረን። ያሻኝን እልሻለሁ አትቀየሚም፣ ያሻሽን ትዪኛለሽ አልቀየምም። ከዚህ የተሻለ ውርስ ያለው ካለ ያምጣና እንየው።

ለሰባተኛ ክፍል ልጆች ስለ አገራችን የምትጽፊው መጽሐፍ የመዳብ ምዕራፉ ላይ ቆሞ መቅረቱን ስሰማ ደስ አለኝ። ጦር የሚወረውር ሁሉ ብዕር ይይዛል ያለሽ ማነው? ለማንኛውም መልሱ ይኸው። መዳቡ ይሄዳል። ከጉድጓድ ይወጣል፣ ይፈጫል፣ ይቀልጣል፣ እንደ በር ጠፍጣፋ ሰሌዳ ይሆንና በባቡር ዳሬሰላም ይወርዳል፤ ከዚያ መርከቡ ያውቃል። ዋጋውን የሚቆርጡት ሎንዶን ተቀምጠው ነው። እነሱ ቀነስ ሲያደርጉት እዚህ የዳቦ ቤቱ ሰልፍ ያጥራል፣ ጨመር ሲያደርጉት ሠርግ ይበዛል።

«ሁሉም ይሄዳል?» ላልሽው፣ አዎ፣ ሁሉም። እኔ ጎልማሳነቴን በሙሉ የጉድጓዱን አሳንሰር ስነዳ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ሰው ሳወርድ፣ ማዕድን ሳወጣ። ወጥ ቤቴን ብትበረብሪ ግን አንዲት የመዳብ ማንኪያ አታገኚም። የካፉዌን ወንዝ ልጅ ውሃ ጠማው ማለት ይሄ ነው። እንደዚሁ አድርገሽ ጻፊው።

አሁን ደግሞ እንደ ልማዴ እኔ ልጠይቅ። መቼ ነው የምታገቢኝ? ቤቱ የራሴ ሆኗል። ጓሮው ማንጎ አለው። ሚስቴ ካረፈች ወዲህ ማንጎውን የሚበላው የሌሊት ወፍ ነው።

ካሶንዴ ሙታሌ


ካዜላ፣ ቺፓታ አጠገብ፣ ማርች 14 ቀን 2004

ለጦጣ በላው ለካሶንዴ ሙታሌ፤

ደብዳቤህ ደርሶኝ በቀይ እስክሪብቶ አርሜ አስቀምጬዋለሁ። ከሃያ አምስት አሥራ አንድ አግኝተሃል፤ እሱም ስለማዝንልህ ነው። እኛ ደህና ነን። በቆሎው ዘንድሮ ከሰው ቁመት አልፏል፣ ኦቾሎኒውም ያስደስታል። ሌቪሰን ከብቶቹን እየቆጠረ ይኮራል፤ ከሱ የሚሻሉት እነሱ መሆናቸውን አልነገርኩትም።

የጻፍከውን ለልጆቹ አነበብኩላቸው። ከኋላ የምትቀመጥ አንዲት ልጅ እጇን አውጥታ፣ «ታዲያ ቲቸር፣ ለእኛ የቀረው የቱ ነው?» አለችኝ። «ነገ እነግርሻለሁ» አልኳት። እስከ ዛሬ ነገ ነው።

የሕዝቡን ምዕራፍ ጨርሻለሁ። አሥር ሚሊዮን አልፈናል፣ ቋንቋችን ከሰባ ይበልጣል፣ ጎረቤታችን ስምንት ነው፣ ባሕር የለንም። አገሪቱን በሰሌዳ ስስላት ኮንጎ ክርኗን ጎኗ ውስጥ ሰክታ ለሁለት ልትከፍላት ጥቂት ይቀራታል። አንተ በአንዱ ወገን ነህ፣ እኔ በሌላው። ልጆቹ «ወገቧን አጥብቃ የታሰረች ሴት ትመስላለች» ይላሉ፤ በፈተና ላይ እንዲህ ቢጽፉ ሙሉ ማርክ እሰጣለሁ።

ካልሰማህ ስማ። በዓመቱ መጨረሻ ጡረታ እወጣለሁ፣ የመምህራኑን ቤትም እለቃለሁ። ልጄ ሉሳካ ነይ ይለኛል። «አርፈሽ ትቀመጫለሽ» ይላል፣ ሚስቱ ግን አልጋዬን ከአራሱ ሕፃን አልጋ ጎን አንጥፋልኛለች አሉ። እንግዲህ እዚያ አርፌ ስቀመጥ ይታይህ! ግን ላለመሄድ ምን ምክንያት አለኝ? ልጅ እናቱን ሲጠራ እምቢ የሚባለው በምን ቃል ነው?

ስለ ጋብቻው፦ ባሌን ልንቀብር በቆምንበት፣ በስድብ ዘመድ ወግ ጉድጓዱ ውስጥ ዘለህ ገብተህ ተጋድመህ፣ «ጌልሰን ቦታውን ለእኔ ትቶልኛል፣ ዶሮ ካልተሰጠኝ አልወጣም» ያልክ ሰው ነህ። ከሞተ ወዲያ ለመጀመሪያ ጊዜ የሳቅኩት ያን ጊዜ ነው። እንዲህ ያለ ሰው «አግቢኝ» ሲል ማን ያምነዋል? ከልቡ የፈለገ ሽማግሌ ይልካል። ቀልድና ቅዘን ቤት ያጠፋል።

ዞንዲዌ


ሙፉሊራ፣ ሜይ 2 ቀን 2004

ለቲቸር ዞንዲዌ፣ ለአይጦች ሁሉ ስጋት፤

አሥራ አንዷን ማርክ ተቀብያለሁ። የቤምባ ልጅ ከንጎኒ እጅ ያገኛትን አያናንቅም፤ ድሮ ከእናንተ የሚገኘው ጦር ብቻ ነበር።

ጤናዬን ባትጠይቂኝም በሬ ነኝ። ትንሽ ሳል ይዞኛል፤ የብርድ ነው። ዶክተሩ ደረቴን በመሣሪያ አይቶ «አሳንሰር ነጂ ስለሆንክ አቧራው ብዙም አልነካህም፤ ከላይ ነበርክ» አለኝ። ጌልሰን ከታች ነበር። አቧራውን የዋጠው እሱ ነው፤ እንለፈው።

ለመጽሐፍሽ የከተማው ኑሮ ካስፈለገሽ፣ ትክክሉ ይሄ ነው፦ የመዳቡ ዋጋ ተነስቷል። አምና ሣር የበቀለበት የማዕድኑ በር ዘንድሮ በሰው ተሞልቷል። እኔንም ጠርተው አዲሶቹን አሳንሰር ነጂዎች አስተምርልን አሉኝ። በሠፈራችን ሎዚው ከቶንጋው፣ ሉንዳው ከናምዋንጋው ጋር በአንድ ቧንቧ ይቀዳል፤ ልጆቻቸው በምን ቋንቋ እንደሚሳደቡ እንኳ እናቶቻቸው አያውቁም። ሰውና መዳብ እዚህ አንድ ናቸው፤ ከያለበት ተቆፍሮ መጥቶ አንድ ላይ ይቀልጣል። ይህን ዓረፍተ ነገር ብትሰርቂኝ አልከስሽም።

አንድ ሥራ ይዣለሁ። ማታ ማታ ከጎረቤቴ ከብረት ሠሪው ዘንድ እቀጠቅጣለሁ። ምን እንደሆነ አልነግርሽም። የነዳሁትን አሮጌ አሳንሰር ሲያፈርሱ የሞተሩን ሽቦ ለጨረታ አውጥተውት ነበር፤ ትንሽ ገዛሁ፣ ደረሰኙም አለኝ፣ ሌባ እንዳትዪኝ። ከዚህ በላይ አትጠይቂኝ።

ዞንዲዌ፣ ላንቺ የምነግርሽ የምር ነገር አለኝ። አፌን ስከፍት ግን ቀልድ ይቀድመኛል። ጥፋቱ የአያቶቻችን ነው፤ ለስድብ መንገድ ጠረጉልን፣ ለቁም ነገር አንዲት መግቢያ አልተዉልንም።

ለቤተሰቡ የሚናገረው ሌቪሰን ነው አይደል? ቤቱስ የት ጋ ነው?

ካሶንዴ


ካዜላ፣ ጁን 20 ቀን 2004

ለካሶንዴ፣ ለጦጣዎች ለቅሶ ምክንያት፤

አዎ፣ ለቤተሰቡ የሚናገረው ሌቪሰን ነው። ቤቱ ከጥጥ መጋዘኑ አልፎ፣ ትልቅ የከብት በረት ያለበት ነው፤ ለምን ፈለግኸው? ጦጣ ልትሸጥለት ከሆነ በዱቤ እንዳትሰጠው።

ይህን በጥድፊያ ነው የምጽፈው። ነገ ወደ ሉሳካ እሄዳለሁ፤ መጽሐፉን ለሚመረምሩት ሰዎች ላሳያቸው ነው፤ የልጄንም ቤት በዚያው አያለሁ። እስከ ኦገስት አልመለስም። የምር ነገር ያልከውን ሳነብ ሳቅኩ፣ ከዚያ ደግሞ መብራቱን አጥፍቼ ዓይኔ ፈጦ አደረ። ስመለስ ንገረኝ። ያለ ቀልድ መናገር ካቃተህ በቀልድ ንገረኝና እኔ እለየዋለሁ፤ ዕድሜዬን ሙሉ የሰው ጽሑፍ ሳርም ኖሬ የለ!

ዞንዲዌ


ሙፉሊራ፣ ኦገስት 9 ቀን 2004

ለተከበሩ ወይዘሮ ዞንዲዌ ሾንጋ፤

ሰላምታዬ ይድረስዎ። በሉሳካ መልካም ጊዜ እንዳሳለፉ ተስፋ አደርጋለሁ።

በሽማግሌዬ በአቶ ንጋንዱ በኩል ለላክሁት ጥያቄ መልስዎ በወንድምዎ እጅ ደርሶኛል። በእኛ ልማድ ሽማግሌ ለጋብቻ ይዞት የሄደው ሳህን ተመልሶ ከመጣ ሌላ ቃል አይጠየቅም፣ ሁለተኛም አይላክም። ስለዚህ አላስቸግርዎትም። ላስቸገርኩበትም ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ስለ ማቅለጫው ፋብሪካ ለመጽሐፍዎ የሚሆን ጽፌ ከዚህ ጋር አያይዣለሁ። ለልጅዎና ለልጅ ልጆችዎ መልካሙን ሁሉ እመኛለሁ።

ካሶንዴ ሙታሌ


ካዜላ፣ ኦገስት 29 ቀን 2004

ካሶንዴ፣

«ለተከበሩ» አልከኝ? «እርስዎ» አልከኝ? ይቅርታ ጠየቅኸኝ? አንድም ስድብ የሌለበት ደብዳቤ ካንተ ሲደርሰኝ ሰው የሞተ መስሎኝ ቁጭ አልኩ። የምን ሳህን? የምን ሽማግሌ? ደጋግሜ አነበብኩትና ነጠላ ጫማዬን እንኳ በወጉ ሳላጠልቅ ሌቪሰን ቤት ሄድኩ።

በረቱ አጠገብ ቆሞ ነበር። ባርኔጣውን ሳይ አንድ ነገር እንዳለ ገባኝ። ዙሪያውን ነጭ ዶቃ ጠምጥሞበታል። «ይሄ ከየት መጣ?» አልኩት።

«አልነገርኩሽም እንዴ?» ብሎ ሳቁን ለቀቀው። «አንድ ቤምባ መጥቶ ነበር! ሙሉ ልብስ ለብሶ፣ ክራባት አስሮ፣ በዚያ ሁሉ ፀሐይ። በሳህን የተከደነ ሳህን ይዞ ደጄ ላይ ተንበረከከ። ቤምባ! ለእኔ! ተንበርክኮ! ‹ምነው፣ ጦጣው ከበደህ?› ብለው ‹እርስዎ ያሉት ይሁን ጌታዬ› ይለኛል። እንዲህ ያለ ቀልደኛ በዕድሜዬ አላየሁም። ፊቱን አንድ ጊዜ እንኳ ፈታ አላደረገም!»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ እኔስ ልሸነፍ? ሳህኑ ውስጥ የነበረውን ዶቃ ወሰድኩ፣ በምትኩ የተጠበሰ አይጥ ሞላሁበት፣ ከድኜ ‹ለላከህ ሰው ስጥልኝ፤ እህቴ ሉሳካ ናት፣ ለጦጣ በላ አትመለስም› አልኩት። አመስግኖ ሄደ። እስከ መንገዱ ድረስ ሳልስቅበት አልቀረሁም።»

ካሶንዴ፣ እኔ አላውቅም ነበር። መልሱ የእኔ አልነበረም። ሽማግሌ የሆነ ሰው መቀለድ እንደማይፈቀድለት ሌቪሰን ከየት ይወቅ? ቤምባ ሲያከብረው አይቶ አያውቅማ! ነገሩን ሳስረዳው መጀመሪያ አላመነኝም፣ ቀጥሎ ባርኔጣውን አውልቆ ዶቃውን አየው፣ ከዚያ የበረቱ እንጨት ላይ ተቀመጠና «ሳህኗ እኮ መዳብ ነበረች» አለኝ። «ታምር ነበር። ክብደቷ እጄ ላይ አሁንም አለ።»

ያን ጊዜ አለቀስኩ። ማታ ማታ የምትቀጠቅጠው ምን እንደነበር ያን ጊዜ ገባኝ።

አንተ ግን! ስንት ዘመን ስትሳደብ ኖረህ፣ አንድ ጊዜ አይጥ ቢላክልህ ትቀየማለህ? «ይህ የማን መልስ ነው?» ብለህ አንዲት መስመር መጻፍ አቃተህ? ልጄ የሉሳካውን ቁልፍ እጄ ላይ አስቀምጦልኛል፣ ለዲሴምበር መኪና ሊልክ ቀጠሮ ይዟል። «እሺ» ለማለት የዘገየሁት ለምን ይመስልሃል?

የተመለሰ ሳህን ሁለተኛ አይላክም ብለሃል። ይሁን፣ አትላከው። ቤምባ በሕጉ ይኑር። እኛ ዘንድ ግን የስድብ ዘመድ ወሰን ሲያልፍ ይቀጣል፣ ሌቪሰን ላይ ደግሞ እኔው ፈርጄበታለሁ። ኦቾሎኒው እንደተሸጠ በራሱ ወጪ አውቶቡስ ይሳፈራል፤ የሉዋንግዋን ድልድይ ተሻግሮ፣ ሉሳካን አልፎ እናንተ ዘንድ ይመጣል፤ ደጅህ ላይ እንደ ንጋንዱ ተንበርክኮ ሳህኗን ይለምናል። መላክ እንጂ መጥቶ መውሰድ አልተከለከለም። ሰጥተህ መመለስ፣ ነፍገህ መመለስ ያንተ ፋንታ ነው።

ዞንዲዌ


ሙፉሊራ፣ ኦክቶበር 17 ቀን 2004

አይጥ ጠባሿ፣ ወንድሟን ላኪዋ፣ ፈራጇ ዞንዲዌ፤

ወንድምሽ መጣ። ከነባርኔጣው። አውቶቡስ ጣቢያው ላይ ወርዶ «የካሶንዴን ቤት የሚያሳየኝ» ሲል በንግግሩ ንጎኒ መሆኑን ለዩትና፣ ደጄ ሲደርስ የሠፈሩ ግማሽ ተከትሎት ነበር። እንደ ፈረድሽበት ተንበረከከ። ጉልበቱ ሲንቋቋ ቤት ውስጥ ሆኜ ሰማሁት። «ጥፋቴን ልክስ መጥቻለሁ» አለ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። እኔ እውነቴን ነው፣ ሳቄ መጥቶ አፌን በመሃረብ ያዝኩ። ንጋንዱ ግን ክራባቱን አስሮ መጥቶ ነበር፤ «ጦጣው ከበደህ?» ብሎ ጠየቀው፣ ፊቱን አንዴ እንኳ ሳይፈታ። ከዚያ ወዲያ ማን ይያዘን! ሴቶቹ እልል አሉ፣ ሌቪሰን ራሱ መሬት ላይ ተንከባሎ ሳቀ።

ለቅጣት የእኛን ምግብ፣ አባጨጓሬ በቲማቲም፣ ሠርተን አቀረብንለት። ዓይኑን ጨፍኖ አንድ ጎረሰ። ቆየት ብሎ ዓይኑን ገለጠ። ኋላ ላይ የበቆሎ ገንፎው ንሺማ ቢያልቅም እሱ አላቆመም፤ ሲሄድ አንድ ጆንያ አባጨጓሬ አስሞልቶናል። አንቺ ዘንድ ሲደርስ «ተገድጄ ነው» ቢልሽ አትመኚው።

አሁን ቀልዱን ልተወው፤ ይህን አንድ አንቀጽ ብቻ ታገሺኝ። አይጡ ሲመጣ መጀመሪያ ስቄያለሁ። ሳህኗን ጠረጴዛ ላይ ሳስቀምጣት ግን መመለሷን አየሁ፣ ቤቱም ጭር አለብኝ። ልጠይቅሽ ፈርቼ ነው ዝም ያልኩት። ሽማግሌ የላክሁት ለብቸኝነት መድኃኒት ፈልጌ አይደለም፤ ማንጎውንም ከሌሊት ወፉ ጋር ተካፍዬ መኖር እችላለሁ። የምወድሽ አንቺን ነው። ጌልሰንም እንደ ወንድሜ ነበር፤ በመቃብሩ ውስጥ ተጋድሜ ቀና ስል አንቺ ስትስቂ አየሁ፣ «ይህን ሳቅ እኔ እጠብቀዋለሁ» አልኩ። ይኸው ነው። ሌላ የተደበቀ ነገር የለኝም።

ሳህኗን ሌቪሰን ይዞልሽ ሄዷል፤ ዶቃውንም እንዲሁ። ከዶቃው ሥር ያለችው አረንጓዴ ድንጋይ መጀመሪያ ሥራ በገባሁበት ቀን ካወጣሁት ማዕድን የያዝኳት ናት። እኛ ዘንድ የሚፈለግ ሰው ሳህኑን ያስቀራል፣ የማይፈለግ ይመለስበታል። መልሱን ከመንገድ ላይ ማንም እንዳይነካብኝ ሌቪሰንን አስምዬዋለሁ፣ በከብቶቹ።

ካሶንዴ


ካዜላ፣ ኖቬምበር 21 ቀን 2004

ለካሶንዴ፤

ሌቪሰን ጆንያውን ተሸክሞ ደህና ገብቷል። «ተገድጄ ነው» ብሎኛል። በማግሥቱ ሚስቱን «እንዴት እንደሚሠራ ጠይቂልኝ» ብሏታል።

ለልጄ ትናንት ጻፍኩለት። «ቁልፉን መልሼ ልኬልሃለሁ፤ ለልጆቹ በየእረፍቱ እመጣለሁ፤ አሁን ግን ቤት አለኝ» አልኩት። ይቆጣ ይሆናል፣ ይበርድለታል። ዲሴምበር ትምህርት ቤቱ ሲዘጋ ንጋንዱን ይዘህ ና። ዘመዶቼ ምግብ ሠርተው ይጠብቁሃል፤ የሚቀርብልህን ግን አትጠይቅ፣ ብላ ብቻ። ከዚያ አብረን ወደ ማንጎህ እንሄዳለን።

መጽሐፉ ማተሚያ ቤት ሊገባ ሲል አንዲት ማረሚያ አስገባሁበት። ያቺን ከኋላ የምትቀመጠውን ልጅ ጠርቼ «ነገ ያልኩሽ ዛሬ ነው» አልኳትና ለክፍሉ እንድታነበው አደረግሁ። የመዳቡ ምዕራፍ ድሮ «የአገራችን መዳብ በሙሉ ወደ ውጭ ይሄዳል» ይል ነበር። አሁን «በሙሉ» የምትለውን ቃል አውጥቼ በምትኩ «ከአንዲት ሳህን በቀር» ብዬ ጽፌበታለሁ።

መርማሪዎቹ ምንጩን ቢጠይቁኝ ጠረጴዛዬ ላይ ናት። ቁርስ እየበላሁባት ነው።

ዞንዲዌ